ወደ ቴክኖሎጂ ቢዝነስ ማኔጅመንት ሥራ እንዴት ይገባል? ከአንድ ሲስተም ወጪ ጀምሩ

አንድ ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የፋይናንስ ኃላፊዋ ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው፣ «ባለፈው ዓመት ለአይቲ ይህን ያህል ገንዘብ አውጥተናል። ምን ሠራልን?» ብለው ጠየቁ። የአይቲ ኃላፊው ስለ ሰርቨሮቹ ብዛት፣ ሲስተሙ ሳይቋረጥ ስለቆየበት ጊዜ፣ ስለተዘጉ የጥገና ጥያቄዎች አስረዱ። ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋ ግን መልስ አላገኙም። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ተቆረጠ። የተቆረጠውም መቆረጥ ከሌለበት ቦታ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ቁጭ ብሎ የሚያግባባ ሰው ጠፍቶ ነው። ቴክኖሎጂ ቢዝነስ ማኔጅመንት፣ ባለሙያዎቹ በአጭሩ ቲቢኤም የሚሉት፣ የዚህ ሰው ሙያ ነው። ለቴክኖሎጂ የወጣን ገንዘብ ከወጣበት ኪስ ጀምሮ ይከተላል። የትኛውን ሲስተም እንዳቆመ፣ ሲስተሙ ደግሞ የትኛውን የሥራ ክፍል እንዳገለገለ ያሳያል። ብዙ ሰው ወጪ መቀነስ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። አንዳንዴ ትክክለኛው ምክር «እዚህ ላይ ጨምሩ» የሚል ነው።

ወደዚህ ሥራ መግባት የሚፈልጉ ሰዎች አዘውትረው የሚጠይቁኝ «የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ?» ብለው ነው። የእኔ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የአንድ ሲስተም ወጪ እስከ መጨረሻው አስሉ። ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ነው።

1. ካርታውን በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉት

ሙያው የራሱ ካርታ አለው፤ ታክሶኖሚ ይሉታል። የሚያወጣው ቲቢኤም ካውንስል የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመሠረተ ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ነው። ሐሳቡ በአራት ደርብ ይቀመጣል።

ከታች ያለው ደርብ ገንዘቡ በምን ዓይነት እንደወጣ ይናገራል፤ ሃርድዌር፣ ሶፍትዌር፣ የራስ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የውጭ ባለሙያ ክፍያ፣ ሕንፃና መብራት፣ ቴሌኮም። ከላዩ ያለው ገንዘቡ ወደ የትኛው የቴክኖሎጂ ክፍል እንደገባ ያሳያል፤ ኮምፒዩት (ሥራውን የሚያሰሉት ማሽኖች)፣ ስቶሬጅ (የመረጃ ማከማቻ)፣ ኔትወርክ፣ አፕሊኬሽን፣ ሴኩሪቲና የመሳሰሉት፤ እነዚህን ታወር ይሏቸዋል። ሦስተኛው ደርብ ተጠቃሚው በስም የሚያውቃቸው አገልግሎቶች ናቸው፤ ኢሜይል፣ የደመወዝ ሲስተም፣ የሞባይል መተግበሪያ። ከሁሉ በላይ ተጠቃሚዎቹ ይቀመጣሉ፤ ሽያጭ፣ የሰው ኃይል፣ ምርት ክፍል።

ይህን በቃል አትያዙት። አንድ ወረቀት ላይ ሣሉትና አንድ የምታውቁትን ወጪ ከታች ወደ ላይ ውሰዱት። የአንድ ሰርቨር ግዢ ከሃርድዌር ተነስቶ ወደ ኮምፒዩት፣ ከዚያ ወደ ደመወዝ ሲስተም፣ ከዚያ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ይሄዳል። ይህን ጉዞ ሳትደናቀፉ መናገር ከቻላችሁ ካርታው ገብቷችኋል።

2. የጎደላችሁን ግማሽ ሙሉ

ወደዚህ ሥራ የሚመጣው ሰው ወይ ከአይቲ ነው ወይ ከፋይናንስ። ሁለቱም ግማሽ ይዞ ነው የሚመጣው።

ከአይቲ የመጣችሁ ከሆነ ሒሳብ ተማሩ። የሒሳብ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም። ግን ካፒታል ወጪ (ለዓመታት ለሚያገለግል ንብረት የሚወጣው) እና የሥራ ማስኬጃ ወጪ (በዚያው ዓመት የሚያልቀው) የሚለያዩበትን ማወቅ ግድ ነው። በ50,000 ዶላር ሰርቨር ተገዛ እንበል። ኢንጂነሩ «ዘንድሮ 50,000 አወጣን» ይላል። መዝገቡ ግን ዕቃውን በ5 ዓመት ስለሚያስረጅ፣ ማለትም ዋጋውን ለ5 ዓመት ስለሚያከፋፍል፣ «የዘንድሮ ወጪ 10,000 ነው» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ ከባንክ የወጣውን ይቆጥራል፣ ሌላው የዓመቱን የእርጅና ቅናሽ። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ ቁጥሩ አልገጥም ብሎ ሲጨነቅ ይውላል።

የእርጅና ዕድሜ ተራ ነገር አይምሰላችሁ። የጉግል ባለቤት አልፋቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የሰርቨሮቹን የመዝገብ ዕድሜ ከ4 ወደ 6 ዓመት ከፍ አደረገ። ማሽኖቹ እነዚያው ናቸው፤ ቦታቸውም እዚያው ነው። የዚያ ዓመት የእርጅና ወጪ ግን በቢሊዮኖች ዶላር ቀነሰ። አንድ ቁጥር ሲቀየር ትርፍ ይቀየራል። ይህን ለአለቃ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል የአይቲ ሰው ብዙ የለም።

ሌላም አለ። በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ከሌላ ድርጅት ማሽን ላይ፣ የሚከራዩት ሶፍትዌር ለድርጅቱ እንዲመች ሲዋቀር ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። የአይቲ ቡድኑ ይህን እንደ ንብረት በየዓመቱ እያስረጀው ሊቀጥል ያስባል። ዓለም አቀፉን የሒሳብ ደረጃ የሚተረጉመው ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት፣ እንዲህ ያለው ወጪ በአብዛኛው አገልግሎቱ በተሰጠበት ጊዜ ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ሶፍትዌሩ የድርጅቱ አይደለማ! ይህን አስቀድሞ የማያውቅ የፕሮጀክት መሪ የዓመቱን በጀት በአንድ ጊዜ ያሟጥጣል። እናንተ ፕሮጀክቱ ሳይጀመር «ይህን ከሒሳብ ክፍል ጋር ተነጋግራችኋል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ትልቅ ጉዳት ታድናላችሁ።

ከፋይናንስ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ እጃችሁን ማሽን አስነኩ። ከክላውድ አቅራቢዎች የአንዱን ነፃ መለማመጃ አካውንት ክፈቱ። ከሁሉ በፊት የበጀት ማስጠንቀቂያ አብሩ፤ ይህን አትዝለሉት። ከዚያ አንድ ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን (ከአቅራቢው የሚከራዩት ኮምፒውተር) አስነሱ፣ ዲስክ ጨምሩበት፣ ለሁለት ቀን ተዉት፣ ከዚያ ማሽኑን ብቻ አጥፉት። የቢሉን ገጽ ስትከፍቱ ማሽኑ ቆሞ ዲስኩ ግን አሁንም እንደሚቆጥር ታያላችሁ። ይህችን ያየ ሰው «ያጠፋነው ማሽን ለምን ያስከፍለናል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን መቼም አይረሳውም። ሲበቃችሁ ሁሉንም ሰርዙ።

3. አንድ ሲስተም ያዙና ወጪውን እስከ ታች አስሉ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ጊዜ ስጡት።

ሲስተሙ ከምትሠሩበት ቦታ ቢሆን ጥሩ ነው። ካልሆነ በምሳሌ ቁጥር ሥሩት። እኔ አንድ የደንበኞች አገልግሎት ሲስተም ልውሰድ፤ ቁጥሮቹ ለልምምድ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። በወር ክላውድ 4,000 ዶላር ይበላል። 500 ላይሰንስ (የመጠቀሚያ ፈቃድ) ተገዝቶለታል፣ እያንዳንዱ 8 ዶላር፤ ይህ 4,000 ነው። ደመወዛቸው በድምሩ 18,000 የሆነ ሦስት ሠራተኞች ግማሽ ጊዜያቸውን ይሰጡታል፤ 9,000። የውጭ ድጋፍ ውል 1,000። ከሌሎች ሲስተሞች ጋር ከሚጋራው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ደግሞ 2,000 ይደርሰዋል። ድምሩ በወር 20,000 ዶላር።

አሁን ተጠቃሚ ቁጠሩ። በወሩ ውስጥ በእርግጥ የገቡት 400 ሰዎች ናቸው። 20,000 ለ400 ሲካፈል፣ ሲስተሙ በአንድ ተጠቃሚ 50 ዶላር ይበላል ማለት ነው። ነጠላ ወጪ የሚባለው ይህ ነው። «ክላውድ ተወደደ» ከሚል ወሬ ይልቅ «አንድ ሠራተኛ ደንበኛ እንዲያገለግል በወር 50 ዶላር እናወጣለን» የሚለው አለቃን ያነቃል።

ቁጥሩ አንዴ ከተዘረጋ ራሱ መናገር ይጀምራል። መጀመሪያ፣ 500 ላይሰንስ ተገዝቶ የሚጠቀሙት 400 ናቸው። 100 ላይሰንስ ሥራ ፈቷል፤ በወር 800፣ በዓመት 9,600 ዶላር። ወዲያው ይሰረዝ አትበሉ። ውሉ መቼ እንደሚታደስ እዩ፤ ከመታደሱ በፊት ካልተነገረ ብዙ ውሎች በራሳቸው ይቀጥላሉ። ቀጥሎ፣ ሁሉም ሰው ዓይኑን የሚጥለው ክላውዱ ላይ ነው። ግማሽ ሊሞላ የተቃረበው ወጪ ግን የሰው ጊዜ ነው። ሦስቱ ሠራተኞች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በምን ላይ ነው? በየሳምንቱ በእጅ የሚሠራ ሪፖርት ቢኖር እሱን አውቶማቲክ ማድረግ ከክላውድ ቅናሽ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

ጭቅጭቁ ያለው የጋራ ወጪ ላይ ነው። ዳታቤዙ በወር 6,000 ያስወጣል፣ ሦስት ሲስተሞችም ይጠቀሙበታል እንበል። እኩል ብናካፍል ለእያንዳንዱ 2,000 ነው። በተጠቃሚ ቁጥር ብናካፍልስ? የእኛው 400፣ የሁለቱ 100፣ 100 ከሆነ፣ የእኛ ድርሻ 4,000 ይሆንና የሌሎቹ 1,000፣ 1,000። ማሽኑ በእርግጥ በሠራው ሥራ ብንለካስ? ሁለተኛው ሲስተም ከባድ ሪፖርት የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። እሱ ብቻውን ግማሹን ከበላ 3,000 ይደርሰዋል፣ ለእኛ 2,000፣ ለሦስተኛው 1,000። ዳታቤዙ አንድ ነው። የሁለተኛው ሲስተም ባለቤት ግን እንደ ስሌቱ 1,000 ወይም 3,000 ይባላል። በተጠቃሚ ቁጥር ከሄድን ደግሞ የእኛ ነጠላ ወጪ ከ50 ወደ 55 ይወጣል።

የትኛው ትክክል ነው? በእኔ እምነት በሥራው ልክ መለካት ከሁሉ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን መለኪያው አስተማማኝ ካልሆነ በቀላሉ የሚገባ ስሌት ይሻላል። ክፍሎቹ ያልገባቸውን ስሌት አይቀበሉም፤ ያልተቀበሉትን ቁጥር ደግሞ አይጠቀሙበትም። የመረጣችሁትን መሠረት በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ለምን እንደመረጣችሁት አብራሩ፣ ለአንድ በጀት ዓመት ያህል አትቀያይሩት። በየወሩ የሚቀያየር ስሌት እምነት ያሳጣል።

ይህን ልምምድ በአንድ ኤክሴል ፋይል ሥሩትና አስቀምጡት። በኋላ እንፈልገዋለን።

4. የክላውድ ቢል ማንበብ ልመዱ

አማዞን የክላውድ ስቶሬጅና ኮምፒዩት አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2006 ከከፈተ በኋላ፣ አይቲ ወጪ የሚወጣበት መንገድ ተገለበጠ። ቀድሞ ግዢ ኮሚቴ ያጸድቀው የነበረውን ወጪ ዛሬ አንድ ኢንጂነር በአንድ ትዕዛዝ ያስነሳዋል። የክላውድ ወጪን የሚቆጣጠረው፣ ፊንኦፕስ የተባለው የእህት ሙያ የተወለደው በዚህ ምክንያት ነው። ፊንኦፕስ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ተመሥርቶ በ2020 ክፍት ሶፍትዌሮችን የሚደግፈው የሊኑክስ ፋውንዴሽን አካል ሆኗል። ለጀማሪ በጣም ሰፊው በር ዛሬ በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስት ነገሮችን በደንብ ያዙ። አንደኛው ታግ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ሲስተም እንደሚሠራ የሚናገር ምልክት ካልተለጠፈበት ወጪውን ማከፋፈል አይቻልም። ባለቤት የሌለው ወጪ ማንም አይቆርጠውም።

ሁለተኛው ሥራ ፈት ማሽን ነው። አንድ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። የሙከራ ማሽኖችን ሰው የሚጠቀምባቸው በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ነው እንበል፤ 60 ሰዓት። የቀረው 108 ሰዓት ለማንም ሳይሠሩ ይቆጥራሉ። ማታና ቅዳሜ እሑድ ቢጠፉ ከማሽን ሰዓቱ ወጪ 64 በመቶ ያህሉን ማዳን ይቻላል።

ሦስተኛው የቅድሚያ ቃል ነው። አቅራቢዎች ለ1 ወይም ለ3 ዓመት ለሚፈርም ደንበኛ ከፍ ያለ ቅናሽ ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ማሽኖቹን ወደ ልካቸው አሳንሱ፣ ከዚያ ፈርሙ። ብዙዎች በተቃራኒው ያደርጉታል፤ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ለሆነ ማሽን ሦስት ዓመት ይታሰራሉ።

እያንዳንዱ አቅራቢ ቢሉን በየራሱ ቅርጽ ይጽፍ ስለነበር ማወዳደር ራስ ምታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ የወጣው ፎከስ የተባለ መስፈርት ለሁሉም አንድ ዓይነት የዓምድ ስም አስቀምጧል። ትላልቆቹ አቅራቢዎች ቢላቸውን በዚህ መልክ ያቀርባሉ። ገና ስትጀምሩ በዚህ ብትለማመዱ ሦስት የተለያየ ቋንቋ ከመማር ትድናላችሁ።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወጪም በዚሁ መንገድ እየመጣ ነው። የቋንቋ ሞዴሎች የሚያስከፍሉት በአብዛኛው በቶክን፣ ማለትም በሚያነቡትና በሚጽፉት የቃል ቁራጭ፣ ቁጥር ነው። «አንድ የደንበኛ ጥያቄ ለመመለስ ስንት ወጣ?» ብሎ ማስላት የሚችል ሰው አሁን በጣም ይፈለጋል።

5. መሣሪያና ሰርተፍኬት

ኤክሴልን ከፒቮት ቴብል (መረጃ አጠቃሎ የሚያሳይ ሠንጠረዥ) ጋር፣ መጠነኛ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ)፣ እንደ ፓወር ቢአይ ያለ ቁጥርን በሥዕል የሚያሳይ አንድ የዳሽቦርድ መሣሪያ። ለመነሻ ይበቃል። አፕቲዮ የተባለው በሙያው ስመ ጥር የሆነ ሶፍትዌር አለ፤ ኩባንያውን አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2023 በ4.6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ሥራ ላይ ስትደርሱ ትማሩታላችሁ፤ በራሳችሁ ገንዘብ አትሩጡለት።

ሰርተፍኬት ካስፈለጋችሁ የፊንኦፕስ ፋውንዴሽን የጀማሪ ፈተና ለክላውድ ወጪ ሥራ ይጠቅማል። የአይቲ አገልግሎት አስተዳደርን የሚያስተምረው አይቲል 4 ፋውንዴሽን ከአይቲ ክፍል ሰዎች ጋር በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር ይረዳል። ቲቢኤም ካውንስልም የራሱ ሥልጠና አለው። አንድ በቂ ነው። ሦስት ሰርተፍኬት ይዞ አንድም ሲስተም ያላሰላ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቸገር አይቻለሁ።

6. በሩን ምረጡ

«ቲቢኤም አናሊስት» የሚል ማስታወቂያ ብቻ ከጠበቃችሁ ረጅም ጊዜ ትጠብቃላችሁ። ሥራው ብዙ ስም አለው። የአይቲ ፋይናንስ አናሊስት፣ የክላውድ ወጪ አናሊስት፣ የሶፍትዌር ላይሰንስ አስተዳደር፣ የአይቲ ግዢና ውል ክትትል፣ የፕሮጀክት ፖርትፎሊዮ ቢሮ። ማስታወቂያውን ስታነቡ ርዕሱን ተዉትና የሥራ ዝርዝሩን እዩ። «በጀትና ትክክለኛ ወጪ ማነፃፀር»፣ «ወጪን ለሥራ ክፍሎች ማከፋፈል»፣ «የውል እድሳት» የሚሉ ሐረጎች ካሉበት የእናንተ ነው።

ከሁሉ የሚቀርበው በር ግን አሁን ያላችሁበት መሥሪያ ቤት ነው። የሲስተም አስተዳዳሪ ከሆናችሁ የምታስተዳድሩትን ሲስተም ወጪ ለአለቃችሁ በአንድ ገጽ አቅርቡ። ሒሳብ ክፍል ከሆናችሁ የአይቲ ክፍያዎችን ማጣራት «እኔ ልያዘው» በሉ። ብዙ ሰው የሚሸሸው ሥራ ስለሆነ አይከለክሏችሁም። ከላይ ወዳሉት ደረጃዎች፣ ወደ ቲቢኤም ማናጀርነት ወይም የአይቲ ፋይናንስ ኃላፊነት፣ የደረሱ ብዙዎች በዚህ በኩል ነው የገቡት።

7. ቃለ መጠይቁ

በ3ኛው ደረጃ የሠራችሁትን ፋይል አሁን አውጡት። የድርጅት ምሥጢር ካለበት ቁጥሩንና ስሙን ቀይሩ፤ የአሠሪን የወጪ መረጃ ይዞ መዞር በዚህ ሙያ ይቅርታ የለውም። በአንድ ገጽ ላይ ጠቅላላ ወጪውን፣ ነጠላ ወጪውን፣ ያገኛችሁትን አንድ ብክነትና ያቀረባችሁትን አንድ ውሳኔ አስቀምጡ። ሲቪያችሁ ላይ «ወጪ በመቀነስ ልምድ አለኝ» ከማለት «የ500 ላይሰንስ አጠቃቀም አጣርቼ 100ው ሥራ ፈት መሆኑን አሳየሁ» ማለት ይሻላል፤ በእርግጥ ከሠራችሁት።

የሚጠየቀውን ልንገራችሁ። «የሥራ ክፍሉ ኃላፊ የደረሰውን ወጪ አልቀበልም ቢል ምን ታደርጋለህ?» ጠያቂው የሚፈልገው ትሕትናችሁን ነው፣ ከዚያም መረጃችሁን። ቁጥሩን ከምንጩ አብራችሁ እንደምታዩት፣ ስሕተት ከሆነ እንደምታርሙት፣ ትክክል ከሆነ ደግሞ ኃላፊው ወጪውን ለመቀነስ ምን ማድረግ እንደሚችል እንደምታሳዩ ንገሩት። ሌላው ዘወትር የሚመጣው የሾውባክና የቻርጅባክ ልዩነት ነው። ሾውባክ ክፍሉ ምን ያህል እንደተጠቀመ ማሳየት ነው፤ ቻርጅባክ ከበጀቱ ላይ መቀነስ። መጀመሪያ አሳዩ፣ ሰዉ ቁጥሩን ሲያምነው ክፈሉ በሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ጉንጭ አልፋ ክርክር ይቀየራል።

እናንተም ጠይቁ። «ይህ ሰው የሚያዘጋጀውን ሪፖርት ማን ያነበዋል? በእሱስ ላይ ተመሥርቶ ምን ይወሰናል?» መልስ ካጡ ያ ቦታ ሪፖርት የሚደረደርበት ነው፤ ደግማችሁ አስቡበት።

8. የመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት

በመጀመሪያው ወር ምንም የወጪ ስሌት ሞዴል አትሥሩ። የሒሳብ መዝገቡን የያዘውን ሰው ፈልጉና አጠገቡ ተቀመጡ። «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተመዘገበው ውስጥ ምን እንዳለ እሱ ያውቃል። የውሎቹን ዝርዝር ሰብስቡና የሚታደሱበትን ቀን ካላንደር ላይ አስገቡ። ይህ ብቻውን በመጀመሪያው ዓመት ደመወዛችሁን ሊሸፍን ይችላል።

በሁለተኛው ወር አንድ ሲስተም ምረጡና ልክ እንደ ልምምዱ አስሉ። ትልቁን አትምረጡ። ባለቤቱ የሚተባበራችሁን ምረጡ። ውጤቱን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ለሲስተሙ ባለቤት ብቻውን አሳዩት። ስብሰባ ላይ ድንገት ቁጥሩን ያየ ኃላፊ ለዓመታት አያምናችሁም።

በሦስተኛው ወር አንድ ገጽ ይዛችሁ ወደ አመራሩ ግቡ። ከላይ ነጠላ ወጪው፣ መሐል ላይ ካለፈው ጊዜ ጋር ያለው ልዩነትና ምክንያቱ፣ ከታች እንዲወሰን የምትፈልጉት አንድ ነገር፣ ከጎኑ ደግሞ የሚወሰንበት ቀን። ሌላው ሁሉ በአባሪ ይቀመጥ፤ የጠየቀ ያገኘዋል።